የዕቅድ ድርሰት፤ የቤተሰብ ጉዞ ወደ ሐይቅ ዳር ከተማ

ባለፉት ሁለት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የተፈጸመን ነገር ይናገራል፤ ገላጭ ድርሰት ያለን ነገር ያሳያል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ደግሞ ገና ያልተፈጸመን፣ ነገር ግን ይፈጸማል ተብሎ የታሰበን ጉዳይ በጽሑፍ ማስፈርን ነው። ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ የዕቅድ ድርሰት ይባላል። የዕቅድ ድርሰት ከሌሎቹ የሚለይበት ዋናው ነገር ግሡ ነው። ጸሓፊው ስለ ነገ ሲናገር የትኛው ነገር የተቈረጠ፣ የትኛው የሚያጠራጥር፣ የትኛውስ ምኞት ብቻ እንደ ሆነ በግሡ መልክ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። ለምሳሌ የመረጥነው ርእስ ቤተሰብ በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ወደ ውሃ ዳር ከተማ የሚያደርገው ጉዞ ነው።

ሀ. ስለ ቃላቱ

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። የውጭ አገር መጻሕፍትን ያነበበ ተማሪ ‹‹ሰመር›› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ‹‹በጋ›› ብሎ መተርጐም ይቀናዋል። ለአውሮፓ ሰው ሰመር የፀሓይና የሙቀት ወቅት ስለ ሆነ ትርጕሙ በአንድ በኩል ያስኬዳል። በወራቱ ከሄድን ግን ሰመር የሚባሉት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በአገራችን በአብዛኛው ክፍል ዝናብ የሚያይልባቸው ወራት ናቸው። በባህላዊው የወቅቶች አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ስለዚህ ‹‹በበጋው የትምህርት ዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን›› ብሎ የሚጽፍ የኢትዮጵያ ተማሪ ቃሉን ተርጕሞ አገሩን ረስቷል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ዕቅዱም የክረምት ዕቅድ መሆን አለበት። ዝናብ የማይጠቀስበት የክረምት ጉዞ ዕቅድ ገና ከመነሻው ጐደሎ ነው።

‹‹ባሕር›› የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። በመጽሐፍ ቋንቋ ባሕር ማለት ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኝ ጨዋማና ሰፊ ውሃ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ በየብስ የተከበበ ውሃ ነው። በሕዝብ አነጋገር ግን ትልቅ ውሃ ሁሉ ባሕር ይባላል። ባሕር ዳር ከተማ የተቈረቈረችው በጣና ሐይቅ ጫፍ ነው፤ ሆኖም ሐይቅ ዳር አልተባለችም። በአንጻሩ በወሎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝበት ውሃ አጠገብ ያለችው ከተማ ሐይቅ ተብላ ትጠራለች። እንደዚሁም ዳር፣ ዳርቻ፣ ጠረፍና ወደብ አንድ አይደሉም። ዳር የማንኛውም ነገር ጫፍ ነው፤ መንገድ ዳር፣ እሳት ዳር ይባላል። ዳርቻ ሰፋና ረዘም ያለ ዳር ነው። ጠረፍ የአገር ወሰን ጫፍ ነው። ወደብ መርከብ የሚቆምበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ስለ ሐዋሳ የምትጽፉ ከሆነ ሐይቅ ዳር ወይም የሐይቁ ዳርቻ ትላላችሁ እንጂ ጠረፍ አትሉም።

ለ. ቦታና ወቅት ስለ መምረጥ

የባሕር ጠረፍ ለማየት የሚመኙ ተማሪዎች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር እስከ ሆነችበት ጊዜ ድረስ ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ የባሕር በሮች ነበሩ፤ ወደ ምጽዋ ለመዝናናት የሚወርዱ ቤተሰቦችም ነበሩ። ይሁን እንጂ ለምጽዋ የሚመቸው ወቅት የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚሆንበት ክረምት አልነበረም። በዚያ የባሕር ዳርቻ ጥቂቱ ዝናብ የሚዘንበው፣ አየሩም የሚለዝበው በደጋው በጋ በሆነበት ጊዜ ነው። ዛሬ ለአገራችን በቅርብ ከሚገኙት የባሕር ዳርቻዎች አንዱ የጅቡቲ ነው። አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ነገር ግን በሐምሌ በጅቡቲ ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ከበረሓ የሚነሣው ደረቅ ነፋስም ያስጨንቃል። የአገሩ ሰው ራሱ ዐቅሙ ከፈቀደለት በዚያ ወቅት ወደ ድሬዳዋና ወደ ደጋው ይወጣል። እርሱ ሲወጣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይዞ የሚወርድ ቤተሰብ ዐርፎ የሚመለስ አይመስለኝም።

ወደ ሐይቆቻችን እንመለስ። ባሕር ዳር በክረምት አረንጓዴና ውብ ናት፤ ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ ዝናብ የሚበዛባት ጊዜ ነው። አርባ ምንጭ ነገሩ ይለያል። እዚያ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምት ግድም ስለ ሆነ ሐምሌ ቀለል ያለ ወር ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ለማይችል ሰው መንገዱ ይከብዳል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሐዋሳ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ተበታትኖ የሚጥል በመሆኑ የሐምሌና የነሐሴው መጠን ከአዲስ አበባው በእጅጉ ያነሰ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ባቱ፣ በዱሮ ስሟ ዝዋይ፣ ትገኛለች። የባቱ ሐይቅ ደንበል ይባላል፤ በላዩ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም መገኛ ነው፤ በደሴቶቹ የኖረው የዛይ ሕዝብም የራሱ ቋንቋ አለው። ከባቱ አልፎ ውሃው ቡናማ የሆነው ላንጋኖ አለ።

ስለ ውሃው የምትጽፉትን ስትመርጡ ደስታውን ብቻ አትጥቀሱ። በደንበልና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ አለ። የበሽታው ተሕዋስ በሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ያድግና ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። በሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬም አለ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሚገኙ የወባ ነገር ይታሰብባቸዋል፤ ወባ በይበልጥ የሚስፋፋው ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆንም አጎበር ያለበት ማደሪያ መጠየቅ አይከፋም። እንዲህ ያለው ዕውቀት በድርሰቱ ውስጥ ‹‹እንዋኛለን›› የሚለውን ግሥ ወደ ‹‹አንዋኝም›› ይለውጠዋል።

ሐ. የመጀመሪያ ረቂቅ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ረቂቅ በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ አንብቡት። ቤተሰቡ የሚኖረው በአዲስ አበባ ነው፤ አያት፣ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች በድምሩ ስድስት ሰዎች ናቸው። በውስጡ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለመልመጃ ያህል የተሰጡ ናቸው፤ እውነተኛውን ዋጋ ከመናኸሪያና ከማደሪያ ቤት ጠይቃችሁ ታገኛላችሁ።

‹‹በዚህ ክረምት ቤተሰባችን ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ነሐሴ 5 ቀን ጧት እንነሣለን። ባቱ አንድ ሌሊት፣ ሐዋሳ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ዝናብ አይዘንብም። ሐይቁ ውስጥ እንዋኛለን። በጀልባ እንንሸራሸራለን። ዓሣ እንበላለን። በጣም እንደሰታለን። ያጠራቀምነው ገንዘብ 24,000 ብር ነው፤ ወጪው ግን 24,600 ብር ስለ ሆነ አያቴ ትቀራለች። ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው ጉዞው አይስማማቸውም። በአራተኛው ቀን እንመለሳለን።››

መ. ረቂቁን ስንመረምረው

ረቂቁ አጭርና ግልጽ ነው፤ ይህ ይመሰገናል። ጕድለቱ ግን ብዙ ነው።

አንደኛው ጕድለት የግሦቹ መልክ አንድ መሆኑ ነው። እንነሣለን፣ እናድራለን፣ አይዘንብም፣ እንደሰታለን፤ ሁሉም እኩል የተረጋገጡ መስለው ቀርበዋል። መነሣት በቤተሰቡ እጅ ነው፤ ዝናብ ግን በማንም እጅ አይደለም። በነሐሴ ‹‹ዝናብ አይዘንብም›› የሚል ጸሓፊ የቀረውንም ቃሉን አንባቢው እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ነሐሴ 5 በጾመ ፍልሰታ መካከል ይውላል፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቆይቶ በ16 ይፈታል። ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ አያትና እናት እየጾሙ ‹‹ዓሣ እንበላለን›› ማለት የማይሆን ነው። ልጆቹም ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን ቡሄ በሰፈራቸው ሆያ ሆዬ ሳይጨፍሩ ማሳለፍን የሚወዱ አይመስልም። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ የሆነ ተማሪም በዚሁ መንገድ ረመዳንና ዒድ በዚያ ዓመት መቼ እንደሚውሉ አይቶ ቀኑን ይቈርጣል።

ሦስተኛው የስምምነት ስሕተት ነው። ጸሓፊው ‹‹አያቴ ትቀራለች›› ካለ በኋላ ወዲያው ‹‹ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው›› ይላል። ባለቤቱ አንድ ሲሆን ግሡ አንድ ጊዜ በአንቺታ፣ አንድ ጊዜ በአክብሮት መልክ ቀርቧል። በብዙ ቤት አያትን እንደ እናት አቅርቦ አንቺ ማለት የተለመደ ነው፤ ይህ ነውር የለበትም። በጽሑፍ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያ መጽናት ያስፈልጋል። ለመደበኛ ድርሰት የሚሻለው ‹‹አያቴ ይቀራሉ›› የሚለው ነው።

አራተኛው ጕድለት ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም በሁለቱ ‹‹ስለ››ዎች ውስጥ ተደብቋል። ‹‹ስለ›› ምክንያትን የሚያመለክት ቃል ነው። ጸሓፊው አያቱ የሚቀሩበትን ምክንያት በመጀመሪያ ገንዘብ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ጉልበት ያደርገዋል። የገንዘቡን ምክንያት ከጻፈ በኋላ ስላልተመቸው ሁለተኛውን የጨመረ ይመስላል። አንባቢ ሁለት ምክንያት ለአንድ ነገር ተደራርቦ ሲያይ አንዱንም አያምንም። ከዚህም በላይ አያትዮዋ ምን እንዳሉ በረቂቁ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ሳይጠየቁ ቀርተዋል ማለት ነው። ዕቅድ የብዙ ሰዎችን ፈቃድ የሚመለከት ጽሑፍ ነውና ‹‹ትቀራለች›› የሚለውን ግሥ ለመጻፍ በመጀመሪያ ‹‹ይመጡ ይሆን?›› ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

የገንዘቡንም ነገር እንመርምረው። ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ሒሳቡን ከድርሰቱ በፊት በወረቀት ላይ ማስፈር አለበት። በረቂቁ መሠረት ለአንድ ሰው መሳፈሪያ በአንድ ጉዞ 700 ብር ቢሆን፣ ለስድስት ሰው ደርሶ መልስ 8,400 ብር ይሆናል። ማደሪያ በሌሊት ለአንድ ክፍል 1,500 ብር ቢሆን፣ ሁለት ክፍል ለሦስት ሌሊት 9,000 ብር ነው። ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 250 ብር ተብሎ ለአራት ቀን 6,000 ብር፣ የጀልባ ኪራይ 1,200 ብር፤ ድምሩ 24,600 ብር። ካለው ገንዘብ 600 ብር ይበልጣል። አያት ቢቀሩ የሚተርፈው የእርሳቸው መሳፈሪያ 1,400 ብርና የምግባቸው 1,000 ብር፣ በጠቅላላ 2,400 ብር ነው። አንድ ሌሊት ቢቀነስ ግን የማደሪያው 3,000 ብርና የአንድ ቀን ምግብ 1,500 ብር፣ በጠቅላላ 4,500 ብር ይተርፋል። ወጪው ወደ 20,100 ብር ይወርድና 3,900 ብር ለመድኃኒትና ለድንገተኛ ነገር መጠባበቂያ ይሆናል። ስለዚህ የአያትዮዋ መቅረት የሚያተርፈው አንድ ሌሊት መቀነስ ከሚያተርፈው እጅግ ያነሰ ነው። ጸሓፊው ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ቢሠራው ኖሮ ያንን ዐረፍተ ነገር ባልጻፈው ነበር።

ሠ. በዕቅድ ድርሰት የሚያስፈልጉ የግሥ መልኮች

‹‹ሄደ›› የሚለውን ግሥ ወስደን የሚከተሉትን እናነጻጽር።

ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ነው።
ወደ ሐዋሳ እንሄዳለን።
ወደ ሐዋሳ እንሄድ ይሆናል።
ወደ ሐዋሳ ብንሄድ መልካም ነው።
ወደ ሐዋሳ እንሂድ።

‹‹ልንሄድ ነው›› ተዘጋጅተን አልቀናል፣ ጊዜውም ቀርቧል የሚል ስሜት አለው። ‹‹እንሄዳለን›› ተራው ትንቢት አንቀጽ ነው፤ ቁርጥ አሳብን ይናገራል፤ ጊዜው ግን ሩቅም ቅርብም ሊሆን ይችላል። ‹‹እንሄድ ይሆናል›› ጥርጣሬን ያስገባል። ‹‹ብንሄድ መልካም ነው›› አሳብ ማቅረቢያ ነው፤ ታናሽ ለታላቁ የሚያቀርበው አሳብ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይነገራል። ‹‹እንሂድ›› የትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን ሌላውን ሰው ወደ ሥራው ይጋብዛል። አንድ ልጅ ለአባቱ ‹‹ነሐሴ 18 እንሂድ›› ከሚል ‹‹ነሐሴ 18 ብንሄድስ?›› ቢል ጨዋነት ይኖረዋል፤ አሳቡም የመደመጥ ዕድል ያገኛል።

ቀጥሎ ሁኔታን የሚያመለክቱትን እንይ። ‹‹ከዘነበ እንቆያለን›› እና ‹‹ቢዘንብ እንቆያለን›› ተቀራራቢ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ‹‹ከ›› በኀላፊ ግሥ ላይ ሲወድቅ ሁኔታው በተለመደ መልኩ የሚጠበቅ መሆኑን ያመለክታል፤ በክረምት ዝናብ የሚጠበቅ ነው። ‹‹ብ›› በትንቢት ግሥ ላይ ሲወድቅ ነገሩ ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ ‹‹ምናልባት›› የሚለው ቃልም ከዚህኛው ጋር ይስማማል። ከዚሁ ግሥ ላይ ‹‹ም›› ሲጨመርበት ትርጕሙ ይገለበጣል፤ ‹‹ቢዘንብም እንሄዳለን›› ማለት ዝናቡ አያስቀረንም ማለት ነው። አንዲት ፊደል መላውን ዕቅድ ስለምትለውጥ ስትገለብጡ እንዳትረሷት ተጠንቀቁ። ‹‹ኖሮ›› የሚጨመርበት መልክ፣ ማለት ‹‹ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ባልሄድን ነበር›› የሚለው፣ ያለፈና ያልሆነ ነገር መናገሪያ ስለ ሆነ ከጉዞው በኋላ ለሚጻፍ ተራኪ ድርሰት እንጂ ለዕቅድ አያገለግልም።

ጊዜን ለማመልከት ደግሞ አንዱ ግሥ ‹‹መሸ›› ብቻ ምን ያህል መልክ እንዳለው ተመልከቱ። ሳይመሽ እንደርሳለን። ሲመሽ እንመለሳለን። እስኪመሽ እንቆያለን። እንደ መሸ እንተኛለን። ከመሸ አንወጣም። አምስቱም ስለ ምሽት ይናገራሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ከምሽት በፊት ያለውን ሰዓት፣ የመጨረሻው ከምሽት በኋላ ያለውን ሰዓት ያመለክታል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ‹‹ከመምሸቱ በፊት›› ብለው ያስረዝሙታል፤ ስሕተት ባይሆንም ‹‹ሳይመሽ›› አጭርና የጠራ አማርኛ ነው።

ቦዝ አንቀጽን ስትጠቀሙ ባለቤቱን አስተውሉ። ‹‹ምሳ በልተን እንነሣለን›› ትክክል ነው፤ የሚበላውም የሚነሣውም አንድ ባለቤት ነውና። ‹‹አያቴ ዐርፈው እንነሣለን›› ግን ለጆሮ ይሻክራል፤ የሚያርፉት አያት ሲሆኑ የምንነሣው ሁላችን ነን። ይህ ‹‹አያቴ ካረፉ በኋላ እንነሣለን›› ተብሎ ይታረማል።

ረ. የታረመው ድርሰት

ከዚህ በታች ያለው ረቂቁ በዚህ መልክ ከተመረመረና አያትም ከተጠየቁ በኋላ የተጻፈ ነው። ከሥሩ መስመር ማስመር የሚገባቸውን ግሦች በደብተራችሁ እየገለበጣችሁ አንብቡት።

‹‹በዚህ ክረምት ስድስታችንም ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ነው። ቀኑ ነሐሴ 18 እንዲሆን አባቴ ወስኗል፤ ቡሄን በሰፈራችን አክብረን፣ ጾሙም ከተፈታ በኋላ እንነሣለን። ጧት 12 ሰዓት መናኸሪያ እንገኛለን። መንገዱ በሞጆና በመቂ በኩል ባቱ ያደርሳል። አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ባቱ ላይ ወርደን ምሳ እንበላለን፤ እግራቸውን ካፍታቱ በኋላ በሌላ መኪና በሻሸመኔ በኩል እንቀጥላለን። መንገዱ ካልተበላሸ ሳይመሽ ሐዋሳ እንደርሳለን። ከመነሣታችን በፊት ግን አባቴ የመንገዱን ደኅንነት በመናኸሪያው ጠይቆ ይመለሳል።

‹‹ከዚህ ቀደም ባቱም ለማደር ዐስበን ነበር። ገንዘባችን 24,000 ብር ስለ ሆነ ያንን ሌሊት ትተነዋል፤ ሁለቱን ሌሊት ሐዋሳ እናድራለን። ታናሽ ወንድሜ ደሴቶቹን ማየት ስለ ተመኘ ቅር ብሎታል። እናቴ ‹ከርሞ በመጀመሪያ ባቱን እናያለን› ብላዋለች።

‹‹በማግሥቱ ጧት አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ እንወርዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ከጀልባ ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳዎቹም ትራፊውን ሲሻሙ እናያለን። ከዘነበ እስኪያባራ ድረስ ከማደሪያችን አንወጣም። ሰው እዚያ ዓሣ ጥሬውን በዳጣ እንደሚበላ ሰምተናል፤ እኛ ግን የተጠበሰውን እንበላለን። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ በጀልባ የምንንሸራሸረው እዚያው ጧት ይሆናል፤ ጧትም ቢሆን ነፋስ ቢነሣ እንተወዋለን። ሐይቁ ውስጥ አንዋኝም።

‹‹አያቴን ‹አብረውን ይመጡ ይሆን?› ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹እኔ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ መቀመጫ ካገኛችሁልኝ ግን ሐይቁን ከዳር ሆኜ ባየው ይበቃኛል› አሉኝ። ስለዚህ እናቴ ከእርሳቸው ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ትቆያለች። ማደሪያው ምድር ቤት ክፍል እንዲሰጠን በስልክ ጠይቀናል፤ ደረጃ ካለ አያቴ አይችሉምና። ነሐሴ 20 ቀን ከቁርስ በኋላ እንመለሳለን። የተረፈው 3,900 ብር በእናቴ እጅ ይቆያል፤ በመንገድ ላይ ካላስፈለገ ለመስከረም ደብተር መግዣ ይሆናል።››

ይህ ድርሰት ከመጀመሪያው ቢረዝምም ‹‹በጣም እንደሰታለን›› የሚል ቃል የለበትም። አንባቢው ደስታውን ከዓሣ ገበያው፣ ከታናሽ ወንድሙ ቅሬታና ከአያትዮዋ መቀመጫ ይረዳዋል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ኀይለ ቃልም ተመልከቱ፤ ‹‹ስድስታችንም›› የምትለው ቃል አንድ ሰው እንዳልቀረ ከመነሻው ታሳውቃለች። ‹‹ስለ›› በዚህኛው ድርሰትም ‹‹ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው›› በሚለው ውስጥ ገብቷል። የተከተለው ግሥ ግን ሌላ ነው፤ ሕመሙ አያትዮዋን ማስቀሪያ መሆኑ ቀርቶ ባቱ ላይ ለመውረድ ምክንያት ሆኗል።

አንዳንድ መምህራን የዕቅድ ድርሰት ያለ ቍጥር ሊጻፍ ይችላል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ቀንና ገንዘብ የሌለበት ዕቅድ ምኞት ነው። ነገር ግን ቍጥር ሁሉ በድርሰቱ ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። በታረመው ድርሰት ውስጥ የገቡት የገንዘብ ቍጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሒሳብ ለብቻው በወረቀት ላይ ይቆያል።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በሁለት መልክ ጻፏቸው፤ አንድ ጊዜ ነገሩ እንደ ተቈረጠ፣ አንድ ጊዜ እንደሚያጠራጥር አድርጉት። ሀ/ ጧት በጀልባ እንንሸራሸራለን። ለ/ አጎቴ ከሻሸመኔ መጥቶ ይቀበለናል። ሐ/ ማደሪያው አጎበር አለው።

2. ‹‹እናቴ ትደክማለች፤ ስለዚህ እርሳቸው በፊት ይቀመጡ›› የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሁለት መንገድ አርሙት። አንዱን ለታናሽ እህታችሁ እንደምትናገሩት፣ ሌላውን ለመምህራችሁ እንደምትጽፉት አድርጋችሁ አቅርቡ።

3. ‹‹ቢዘንብም››፣ ‹‹ከዘነበ››፣ ‹‹ሳይዘንብ›› እና ‹‹እስኪዘንብ›› የሚሉትን እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ የትርጕማቸውን ልዩነት አስረዱ።

4. በታረመው ድርሰት ውስጥ ‹‹ስለ›› የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለቅማችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ምክንያቱ ማንን እንደሚጠቅም ግለጹ።

5. በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ፍል ውሃ ቤተሰባችሁ በሁለት ቀን ሊያደርገው የሚችለውን ጉዞ በአንድ ገጽ ተኩል ዐቅዱ። አስቀድማችሁ አስተዋጽኦውንና ሒሳቡን በተለየ ወረቀት ላይ ሥሩ። ከመጻፋችሁም በፊት በቤታችሁ ካሉት ሽማግሌ ወይም ባልቴት አንዱን ‹‹ይመጡ ይሆን?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰጧችሁን መልስ ቃል በቃል በድርሰቱ ውስጥ አስገቡት።